ሆድ ያመመው ሁሉ ጨጓራ አይደለም፦ ስለ ምግብ መፍጫ አካላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከአዘዞም ይምጣ ከማራኪ ወይም ከዙሪያው ገጠር፣ ታካሚው ተራው ደርሶ ሲቀመጥ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» እለዋለሁ። መዳፉን ከደረቱ ሥር ያስነሣና እስከ እምብርቱ በታች አዙሮ «ሲስተር፣ ጨጓራዬ ነው» ይለኛል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መዳፉ የዞረበት ቦታ የጉበት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የቆሽት፣ የትንሹና የትልቁ አንጀት ሰፈር ነው። ሁሉንም በጨጓራ ስም ስንጠራ ለሁሉም አንድ ክኒን እንገዛለን፤ እውነተኛው በሽታ እስኪታወቅ ደግሞ ጊዜው ያልፋል። ከዚህ በታች የመለስኳቸው በየቀኑ የምሰማቸውን ጥያቄዎች ነው።

የበላነው ምግብ በየት በየት ያልፋል?

ከአፍ ጀምሮ ፊንጢጣ ላይ የሚያበቃ አንድ ያልተቋረጠ መንገድ አለ። በአዋቂ ሰው እስከ 9 ሜትር ይደርሳል። ይህ ልኬት ጡንቻው ከላላ በኋላ፣ ማለትም በአስከሬን ላይ የተወሰደ ነው፤ በሕይወት እያለን ጡንቻው ስለሚሰበሰብ ያጥራል።

ሥራው የሚጀመረው አፍ ውስጥ ነው። ጥርስ ይፈጫል፤ ምራቅ ያርሳል። በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ምራቅ እናመነጫለን፤ በውስጡም ስታርችን ወደ ስኳር መቀየር የሚጀምር አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ጉርሻ ድፎ ዳቦ ሳይውጡ ደህና አድርገው ካላመጡት እየጣፈጠ ይመጣል።

ከአፍ ቀጥሎ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምግብ ቧንቧ አለ። ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በየተራ እየተኮማተረ ጉርሻውን ጨጓራ ውስጥ ያደርሰዋል፤ ከአሥር ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ምግቡ በክብደቱ ብቻ ስለማይወርድ ተኝተን የዋጥነውም ይደርሳል።

ጨጓራ ከደረት አጥንት ሥር ወደ ግራ ያዘነበለ የጡንቻ ከረጢት ነው። እምብርት አካባቢ አይደለም፤ ከእምብርት በታችማ ፈጽሞ አይደለም። አንድ ሊትር፣ ጠግበን ስንበላም ከዚያ በላይ ይይዛል። ምግቡን ከአሲድና ፔፕሲን ከተባለ ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይም ጋር እያሸ ያቀጥነዋል፤ ቀጥሎም በጥቂት በጥቂቱ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል።

ዋናው ቤት ትንሹ አንጀት ነው፤ 6 ሜትር ያህል ነው። «ትንሹ» የተባለው በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። የመጀመሪያው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዱዎዲነም ይባላል፤ የሐሞትና የቆሽት ፈሳሾች የሚደርሱት እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ርዝመት ስኳሩም፣ ቅባቱም፣ የፕሮቲኑም ስባሪ ወደ ደምና በራሱ ቱቦዎች ወደሚጓዘው ሊምፍ ወደሚባል ፈሳሽ ይገባል። የውስጥ ግድግዳው ቪለስ በሚባሉ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ጣት መሰል ጉብታዎች የተሸፈነ ነው። ጉብታዎቹም በላያቸው ከእነሱ እጅግ ያነሱ ሌሎች ጉብታዎች ስላሉባቸው ምግብ የሚመጠጥበት ገጽ እጅግ ይሰፋል።

ከዚህ የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እሱ 1.5 ሜትር ያህል ነው፤ ከታች በስተቀኝ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሆድን አቋርጦ በስተግራ ይወርዳል። ውኃና ጨው ይመጥጣል፤ የቀረውን ያጠጥረዋል።

የፋሲካ በግ ሲታረድ የምናየው የሆድ ዕቃ ከእኛ ጋር አንድ ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ አብዛኛው ሰው የሆድ ዕቃን መጀመሪያ የሚያየው በፋሲካ ጠዋት ከበጉ አጠገብ ቆሞ ነው። ጉበቱ፣ ሐሞቱ፣ ጣፊያው፣ አንጀቱ ሁሉም በእኛም አለ፤ ቦታቸውም ይቀራረባል። ሐሞቱ ከጉበቱ ሥር ተለጥፎ ያገኙታል። አራጁም ሳይፈስ ተጠንቅቆ ይቆርጠዋል፤ ከፈሰሰ ጉበቱ ይመርራልና። እኛም ላይ ሐሞት ከረጢት የተቀመጠው እዚያው ጉበት ሥር ነው።

ትልቁ ልዩነት ጨጓራው ላይ ነው። በግ ሣር ይበላል፤ ሣርን የሚሰብር ኢንዛይም ግን የራሱ የለውም። ስለዚህ አራት ክፍል ያለው ሆድ ተሰጥቶታል። ለዱለት በሙቅ ውኃ እየነከርን የምንልጠው ትልቁ ክፍል ሣሩ በባክቴሪያ የሚብላላበት ነው። ሽንፍላ ደግሞ ያ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረው ሌላው ክፍል ነው፤ ውኃውን ይመጥጣል። በአሠራሩ የእኛን ጨጓራ የሚመስለው አሲድ የሚያመነጨው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። የበግ ትንሹ አንጀትም ከ20 ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

እኛ ጎመን ስንበላ የቅጠሉ ጭረት ሳይፈጭ ያልፋል። ያ ጭረት ግን ከንቱ አይደለም። ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ ከፊሉም ለትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል።

ስበላ ለምን ትን ይለኛል? እንጥልስ ጥቅም አለው?

ጉሮሮ ላይ የምግብና የአየር መንገዶች ይገናኛሉ። በምንውጥበት ቅጽበት ከምላስ ሥር ያለች ክዳን የአየር ቧንቧውን ትሸፍናለች፤ ከላይ ደግሞ ለስላሳው ላንቃ ከእንጥል ጋር ወደ ላይ ተነሥቶ ምግቡ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ይዘጋል። እያወሩ ወይም እየሳቁ ሲጎርሱ ክዳኗ ትዘገያለች። ያን ጊዜ ነው ትን የሚለን።

ስለ እንጥል ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በአካባቢያችን ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጥበታል። አንዲት እናት የሦስት ሳምንት ልጇን አቅፋ መጣች። የታቀፈበት ነጠላ በደም ርሶ ነበር፤ ሕፃኑም ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ የሚቆረጥ እንጥል ደም ያፈስሳል፤ ቴታነስና ኤችአይቪን ጨምሮ ኢንፌክሽን ያስገባል፤ ሕፃኑንም ከጡት ያርቀዋል። ሳሉን ግን አያድነውም፤ ሳሉ የሚመጣው ከሳንባ ወይም ከጉንፋን ነውና። እናቶችና አያቶች ሆይ፣ ሕፃኑ ካሳለው ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማዋጥም እንዲሁ ነው፤ አንጀቱ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ውኃም ቢሆን።

ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ራሱን ጨጓራውን ለምን አይበላውም?

የጨጓራ አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ከሎሚም ይበረታል። ግድግዳውን ከዚህ የሚያድኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አሲዱን የሚያረክስ ቤካርቦኔት ያለበት ወፍራም ንፍጥ ነው። ሁለተኛው ሽፋኑ ራሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ሴል መተካቱ ነው። ንፍጡ ሲሳሳ ወይም ሽፋኑ ሲቆስል ነው ችግሩ የሚመጣው።

እሺ፣ የጨጓራ ቁስል ታዲያ ከምን ይመጣል? ከበርበሬ? ከብስጭት?

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ጭምር እንዲህ ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ከታካሚዎች ጨጓራ ላይ ጠምዛዛ ባክቴሪያ ለይተው አገኙ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ባጭሩ ኤች ፓይሎሪ እንለዋለን። በአሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያምን ስላልነበረ፣ በ1984 ማርሻል ያረባውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው፤ በምርመራም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ባክቴሪያው ከዓለም ሕዝብ በግማሽ ያህሉ ሆድ ውስጥ ይኖራል፤ አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ ብዙዎችንም አያሳምማቸውም። ቁስል ሲያመጣ ግን በመድኃኒት ይድናል። ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያና አሲድ የሚቀንስ ክኒን በአንድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዛል። በአምስተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብለው የሚያቆሙ ሰዎች ያሳስቡኛል፤ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይላመደዋል፤ ቁስሉም ይመለሳል።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን የጨጓራውን ንፍጥ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው አዛውንት ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ እየገዛ ለወራት ይውጣል፤ አንድ ቀን ጥቁር ዓይነ ምድር ያያል። ያ ደም ነው።

በርበሬ ብቻውን ቁስል እንደሚያመጣ ማስረጃ የለም። በውስጡ ያለው ካፕሳይሲን ትኩሳትን የሚለዩትን ነርቮች ስለሚያነቃ ያቃጥላል፤ ቀድሞ የነበረን ቁስል ወይም ቃር ደግሞ ያባብሳል። የሚያባብስብዎት ከሆነ ይቀንሱት፤ ካልሆነ ግን ወጥዎን አልጫ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ብስጭትም አሲዱንና የአንጀትን እንቅስቃሴ ይለውጣል፤ ሕመሙንም ያጎላዋል።

ጾም ጨጓራ ያሳምማል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ የምንሰማው ጥያቄ ይህ ነው፤ በረመዳንም እንዲሁ። ጤነኛ ጨጓራ ከምግብ መራቅን ይችለዋል። ባዶ ሲሆን ከጨጓራ ተነሥቶ ትንሹን አንጀት እየጠራረገ የሚወርድ የእንቅስቃሴ ማዕበል አለ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ አንዴ ይመጣል። ከተራበ ሆድ የምንሰማው ጩኸት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። «ወስፋቴ ጮኸ» ስንል የሚጮኸው ትሉ ሳይሆን አየርና ፈሳሽ እየገፋ የሚሄደው አንጀት ነው።

ቁስል ያለበት ሰው ግን ባዶ ሆዱን ሲውል ሕመሙ ሊብስበት ይችላል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ሐኪምዎን፣ ስለ ጾሙ ደግሞ የንስሐ አባትዎን ወይም የሃይማኖት አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ እነሱም ይነግሩዎታል። ሲያፈርሱ በአንድ ጊዜ ሆድን ጥርቅም አድርጎ መሙላት ጥሩ አይደለም። በትንሽ ጀምሮ ቆየት ብሎ መጨመር ይሻላል።

ምግብ ሆድ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ጨጓራ ውስጥ እንደየምግቡ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነም ከዚያ በላይ ይቆያል። በትንሹ አንጀት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ በትልቁ አንጀት ደግሞ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። ዶሮ ወጥ ከበላን እስከ ማታ የማይርበን ቅቤው ጨጓራን ስለሚያዘገየው ነው።

የጨጓራን ሥራ በዓይን ለማየት ዕድል ካገኙት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ቆስሎ ሲድን ከሆዱ ወደ ጨጓራው የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረበት። ቦሞንት በ1825 ሥጋ፣ ዳቦና ጎመን በሐር ክር አስሮ በቀዳዳው አስገባና ከአንድ ሰዓት በኋላ አወጣው። ጎመኑና ዳቦው ግማሽ በግማሽ ሟሙተው ነበር፤ ሥጋው ገና አልተነካም ነበር። የጨጓራ ፈሳሽ በኬሚካላዊ መንገድ እንደሚሠራ ዓለም አጥርቶ ያወቀው በእነዚህ ሙከራዎች ነው።

ሽሮና ባቄላ ስበላ ሆዴ ለምን ይነፋል? ወተትስ ለምን አይስማማኝም?

ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ እኛ የምንሰብርበት ኢንዛይም የሌለን የስኳር ዓይነቶች አሉ። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ ባክቴሪያዎቹም ያብላሏቸዋል፤ ጋዙ የሚወጣው ከዚያ ነው። በሽታ አይደለም። ባቄላውን አሳድሮ የነከሩበትን ውኃ ማፍሰስ ጋዙን ይቀንሰዋል። ማብቀል ደግሞ ይበልጣል፤ ፍሬው ሲበቅል እነዚያን ስኳሮች ራሱ ይጠቀምባቸዋል። በጾም ጉንቁል የሚያዘጋጁ እናቶች ሆድ አይነፋም የሚሉት በልምድ ያገኙት እውነት ነው።

የወተቱ ምክንያት ሌላ ነው። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ የሚሰበረው ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ሲሆን ብዙ ሰው ካደገ በኋላ ኢንዛይሙ ይቀንስበታል። እርጎ ላይ ባክቴሪያው ከላክቶሱ ከፊሉን አስቀድሞ ስለበላው የወተት ያህል አያስቸግርም። አይብም አጓቱ ስለወጣ ይቀላል።

ጉበት፣ ሐሞትና ቆሽት ምን ያደርጋሉ?

ምግብ በእነሱ ውስጥ አያልፍም፤ ያለ እነሱ ግን አይፈጭም።

ጉበት በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከቀኝ ጎን አጥንት ሥር ነው። ከአንጀት የተመጠጠው ምግብ ከቅባቱ በቀር ወደ ሌላ ቦታ ከመሄዱ በፊት በአንድ ትልቅ የደም ሥር ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ስኳሩን ያከማቻል፤ መርዙን ያከሽፋል፤ አልኮሉን ይሰብራል፤ ሐሞትም ይሠራል። ሐሞት ቅባትን በጣም ትንንሽ ጠብታዎች አድርጎ ስለሚበትነው ኢንዛይሙ ይደርስበታል። ሐሞት ከረጢት የሚያከማች ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጠጠር ምክንያት በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ደህና ሆኖ ይኖራል።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ይገኛል። ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ቅባትን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን ወደ ዱዎዲነም ይልካል፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ደግሞ ወደ ደም ይለቃል። ስኳር በሽታ የምንለው ከዚህ ሥራው ጋር የተያያዘ ነው።

የዓይነ ምድር ቡናማ ቀለም ከሐሞት የሚመጣ ነው። የሐሞት መንገድ ሲዘጋ ዓይነ ምድሩ ይነጣል፤ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሰው «የወፍ በሽታ» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት ይሮጣል፤ ነገር ግን የዓይን ቢጫ መሆን ከሄፓታይተስም፣ ከጠጠርም፣ ከዕጢም ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ደም መመርመር ይገባል። ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለው ክትባት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት የአምስት በሽታዎች ክትባት አንዱ ነው። አያስተጓጉሉባቸው።

ትርፍ አንጀት በእርግጥ ትርፍ ነው?

ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ፣ በታችኛው የቀኝ ሆድ የተንጠለጠለች ጣት የምታህል ቱቦ ናት። የበሽታ መከላከያ ሴሎች አሉባት፤ ብትወጣም ሰው አይጎዳም። ስትዘጋና ስትመግል ሕመሙ ብዙ ጊዜ እምብርት ዙሪያ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ወደ ታችኛው ቀኝ ይዞራል፤ ትኩሳትና ምግብ መጥላትም ይኖራል። እንዲህ ያለውን ሆድ በቅቤ ማሸት አደገኛ ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥሬ ሥጋ በልቼ ኮሶ ታየብኝ። ኮሶውን ልጠጣለት?

የኮሶ ትል የሚይዘን በሬው ሥጋ ውስጥ ያለውን እንቁላል ሳይሆን ከእንቁላሉ የተፈለፈለውን እጭ ስንበላ ነው። እጩ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በወራት ውስጥ ብዙ ሜትር ይረዝማል። የራሱ አፍም ሆድም የለውም፤ እኛ የፈጨነውን ምግብ በቆዳው ይመጥጣል። በዓይነ ምድር ወይም በውስጥ ልብስ ላይ የሚታዩት ነጭ ጠፍጣፋ ነገሮች በእንቁላል የተሞሉ ቁራጮቹ ናቸው። በሜዳ ሲወድቁ ከብቱ ከሣር ጋር ይበላቸዋል፤ ዑደቱም ይቀጥላል። መጸዳጃ ቤት የሌለው መንደር ውስጥ ኮሶ የማያልቀው ለዚህ ነው።

የኮሶ አበባ ለዘመናት ሠርቷል። ችግሩ መጠኑ አለመለካቱ ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንትል ወይም ኒክሎሳማይድ ታዝዞልዎት ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ጥሬ ሥጋ ባህላችን መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቢበስል እመርጣለሁ።

ጣና ዳር ስንሄድ መዋኘት ከሆድ በሽታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጎርጎራና በደንቢያ በኩል ባሉ የሐይቁ ዳርቻዎች ቢልሃርዝያ አለ። ጥገኛው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ወጥቶም በቆዳችን ይገባል። ትሉ የሚኖረው በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሎቹ የአንጀቱን ግድግዳ ሲያቆስሉ ዓይነ ምድር ደም ይቀላቅላል፤ ጉበት ውስጥ ሲቀሩ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ጉበትና ጣፊያ ይጎዳሉ፤ ሆድም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። በጊዜ ከተመረመሩ መድኃኒቱ ያው ፕራዚኳንትል ነው።

ልጄ ተቅማጥ ሲይዘው ውኃ ከሰጠሁት አይብስበትም?

አይብስበትም። ውኃ የሚከለከል ሕፃን ነው የሚሞተው።

በቀን ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ አንጀታችን ውስጥ ይገባል፤ 2 ሊትር ያህሉ የምንጠጣው ነው፤ ቀሪው ምራቅ፣ የጨጓራ ፈሳሽ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የአንጀት ፈሳሽ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ተመልሶ ይመጠጣል፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። አንጀት ሲቆጣ ይህ መመጠጥ ይዛባና የሰውነት ውኃ ይፈስሳል።

ኦአርኤስ፣ ማለትም ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ዱቄት፣ የሚሠራበት ምክንያት ያስደንቀኛል። የትንሹ አንጀት ሴል ላይ ጨውንና ግሉኮስን አንድ ላይ ብቻ የሚያስገባ በር አለ፤ ተቅማጡ ሲበረታም ይህ በር ሥራውን አያቆምም። ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ስለዚህ መጠኑ መጠበቅ አለበት፦ ከረጢቱ ላይ እንደተጻፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ይበጠብጡ፤ በ24 ሰዓት ያላለቀውን ይድፉ። በማንኪያ በማንኪያ ያጠጡት፤ ጡትም አያቋርጡ። ዚንክ ከታዘዘለት ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ይውሰድ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ከሌለው ወይም መጠጣት ካቃተው ሳይውሉ ሳያድሩ ያምጡት።

የሆድ ድርቀት ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

ውኃ መጠጣት፣ አትክልትና ተልባ መጨመር፣ መንቀሳቀስ፣ ሲመጣም አለመያዝ። ጠዋት ከቁርስ ወይም ከቡና በኋላ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይነቃቃል፤ ያንን ሰዓት ይጠቀሙበት።

ማታ ስተኛ ደረቴን የሚያቃጥለኝ ቃር ነው?

ምናልባት። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው የጡንቻ ቀለበት ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ከእራት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ መተኛት ይረዳል። ነገር ግን ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ የጨጓራ መድኃኒት ውጦ መጠበቅ አይገባም።

መቼ ነው ሳልዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ?

ደም ወይም እንደ ቡና አተላ ያለ ነገር ካስመለስዎት፤ ዓይነ ምድርዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን ክኒኑም ያጠቁረዋል)፤ ሳያስቡት ከከሱ፤ መዋጥ እያቃተዎት ከመጣ፤ ሆድዎ እንደ ጣውላ ከደረቀ።

ከሁሉም የምፈራው የአንጀት መታጠፍን ነው። አንጀት በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ መንገዱም ደም ሥሩም ይዘጋል፤ በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ገበሬው ደህና ውሎ ማታ ሆዱ ይነፋል፤ ቁርጠቱ እየመጣ ይሄዳል፤ ጋዝም ዓይነ ምድርም አይወጣም፤ ያስመልሰዋል። ቤተሰቡ «ምች ነው፣ ጨጓራ ነው» ብሎ ሲያሽ ያድራል። ደም ያልደረሰው አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ጤና ጣቢያ ይድረሱ፤ እኛም ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል እንልክዎታለን። በመንገድ ላይ ምንም አይብሉ፣ አይጠጡም፤ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። ሕመሙ የት እንደጀመረና ወዴት እንደሄደ፣ ጋዝ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደወጣ ለሐኪሙ ይንገሩት።